የልብ ወለድ ሽፋን፦ የሠዓሊው ድርሻና የደራሲው ስሜት

በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ የሚቀርበው ሂስ ዘወትር የሚያተኩረው በጭብጡ፣ በገጸ ባሕርያቱና በቋንቋው ላይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከአንባቢ ዓይን ጋር የሚገናኘው የሽፋን ሥዕል ግን ከሂስ ውጭ ሆኖ ኖሯል። ሥዕሉ የድርሰቱ አካል ነውን? ወይስ የገበያ ምልክት ብቻ? ደራሲስ በገዛ መጽሐፉ ሽፋን ላይ ደስታና ቅሬታ በአንድነት የሚያድሩበት ለምንድን ነው?

በብራናው ዘመን መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይጠረዝ፣ ገበታው በቆዳ ይለበጥ፣ በቆዳውም ላይ መስቀልና ሐረግ ይደጎስ ነበር። ሥዕሉ የሚገኘው ከውስጥ፣ ከንባቡ ጎን ነው። ሽፋኑ መጽሐፉን ይጠብቃል እንጂ አይተረጉመውም። ከማተሚያ መኪና ጋር ባለ ሥዕል የወረቀት ሽፋን ሲመጣ ግን ሽፋን ተርጓሚ ሆነ። ተርጓሚ ደግሞ ከብዙ ፍቺ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግዴታው ነው።

የዚህን ምርጫ ክብደት ለመረዳት ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መነሣት ይጠቅማል። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደራሲ ብቻ አልነበረም፤ በኢጣሊያ ሥዕል የተማረ፣ ወደ አገሩ ሲመለስም በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሥል የታዘዘ ባለሙያ ነበር። በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የዚህ ድርሰት ዋና ገጸ ባሕርይ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድ ናት። ታዲያ ሠዓሊ ጦቢያን በሽፋን ላይ በምን መልክ ይሣላት? በሴት ልብስ ቢሥላት መሸሸጊያዋን ይገፍፋታል፤ በወንድ ልብስ ብቻ ቢሥላት ሌላ ሰው ያደርጋታል። ሁለቱን በአንድ ፊት አዋሕዶ ማሳየት የሚችለው ድርሰቱን አንብቦ የተረዳ እጅ ብቻ ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች እናንሣ። ፍራንዝ ካፍካ ወደ ተባይነት ስለተለወጠ ሰው የጻፈው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1915 በመጽሐፍ ሊወጣ ሲል፣ ሠዓሊው ተባዩን ከሩቅ እንኳ እንዳይሥለው አሳታሚውን በደብዳቤ ተማጸነ። በሽፋኑ ላይ የወጣው ገርበብ ካለ በር ፊት ለፊት ፊቱን በእጆቹ የሸፈነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 «ታላቁ ጋትስቢ»ን ያሳተመው ስኮት ፊትዝጄራልድ ግን ፍራንሲስ ኩጋት የሣለውን ሽፋን ድርሰቱ ከመጠናቀቁ በፊት በማየቱ፣ ሥዕሉን በመጽሐፉ ውስጥ እንደጻፈው ለአርታዒው ገልጧል። አንዱ ሥዕልን ፈራ፤ ሌላው ከሥዕል ተበደረ። ሁለቱም ግን የተነጋገሩት ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት ነው።

ይህ ጸሐፊ ከግጥምና ከተውኔት ወደ ልብ ወለድ ተሻግሮ በደረሰው አዲስ መጽሐፍ ላይም ጥያቄው ተነሥቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከእንጦጦ ኮረብታ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ቀበና ባለው የየካ ሰፈር ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በወጣትነቷ ከባሕር ዛፉ ደን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ትወርድ የነበረች፣ ኋላም በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥራ የዕድር ጸሐፊ የሆነች ሴት ናት። በሽፋኑ ላይ የምትታየው ከጀርባዋ ነው፤ ከሸክሟ ሥር ጎብጣ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ፊቷ አይታይም።

ሥዕሉ በሙያ ደካማ አይደለም። የማታው ብርሃን በባሕር ዛፉ ቅጠል ላይ ብር መስሎ ያርፋል፤ እግሮቿ መሬቱን ቆንጥጠው መያዛቸው የሸክሙን ክብደት ለተመልካች ትከሻ ያካፍላል። ደራሲው በብዙ ገጽ የደከመበትን ቁልቁለት ሠዓሊው በአንድ ቅጽበት አሳይቷል። ደስታው ከዚህ ይመነጫል።

ቅሬታው ግን ከዚያው ሥዕል ይወለዳል። በድርሰቱ ሸክሙ በሦስተኛው ምዕራፍ ይወርዳል፤ በሽፋኑ ላይ ግን ከቶ አይወርድም። «ፊቷን ለአንባቢ መተው ካፍካ የጠየቀው አይደለምን?» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። የካፍካ ሽፋን የሰወረው አንባቢ በሐሳቡ ሊፈጥረው የሚገባውን እንግዳ ነገር ነው፤ ሰውየውን ግን ከነጭንቀቱ አሳይቶናል። የእኛው ሽፋን የሰወረው ሰውን ነው፤ ያሳየንም ሁላችን ቀድሞ የምናውቀውን ሸክም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አፍሪካ የተጻፉ የ36 መጻሕፍት ሽፋኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ቀርበው ነበር፤ ግራርና የምትጠልቅ ፀሐይ ከሽፋን ሽፋን ይደጋገማሉ። በውጭ አሳታሚዎች መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ራሳችን በግራሩ ፈንታ ባሕር ዛፍ፣ በፀሐይዋ ፈንታ የጎበጠ ጀርባ ከተካን ግን ያው ልማድ በእጃችን ይቀጥላል። የእንጦጦ ሴት በፎቶግራፍም በሥዕልም ከጀርባዋ ታይታለች። ልብ ወለድ የተጻፈላት ፊቷን እንድታዞር ነበር።

ኃላፊነቱን በሠዓሊው ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይሆንም። የድርሰቱን ጭማቂ በአንድ ገጽ ተቀብሎ በጥቂት ቀናት እንዲሥል የሚጠየቅ ሠዓሊ፣ ዓይኑ ከለመደው ምስል በቀር የሚያገኘው የለም። ስለዚህ ረቂቁ ሙሉውን ለሠዓሊው ይሰጥ፤ ደራሲና ሠዓሊ ከኅትመት በፊት ይወያዩ፤ የሠዓሊውም ስም በመጽሐፉ ላይ በግልጽ ይስፈር። ሐያስያንም ሽፋኑን ከድርሰቱ ጋር አብረው ይመርምሩ። ደራሲው በበኩሉ ቅሬታውን በጓዳ ከማጉተምተም ይልቅ በአደባባይ ሊያቀርበው፣ ለተሠራው መልካም ነገርም የሚገባውን ምስጋና ሊሰጥ ይገባል።