ለወፍ፣ ለአይጥና ለጭቃ

አባቴ አርሲ ውስጥ፣ በኢተያ አካባቢ ባለው ማሳችን ስንዴ ሲበትን እፍኙን ሞልቶ ነበር። “ለወፍም፣ ለአይጥም፣ ለጭቃም ድርሻ አለ” ይለኝ ነበር። ዘሩ ከጎተራ የተረፈ፣ ነቀዝ የነካካው ነው። በማረሻ ሲያለብሰው አንዱ ጠልቆ ይቀበራል፤ ሌላው ላይ ላዩን ይቀራል። በዚያ ዘርና በዚያ አዘራር እጁን አለመሰሰቱ ትክክል ነበር።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የተበጠረ ምርጥ ዘር ገዝቼ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር መስመር እየዘራሁ፣ የአባቴን እፍኝ ግን አልተውኩም፤ በሄክታር 2 ኩንታል ዘራሁ። በሐምሌ መጨረሻ ማሳው ጥቅጥቅ ብሎ አፈር አይታይም ነበር፤ ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። መስከረም ላይ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣና ስንዴው ጋሸበ። ተክሉ ብርሃን ሲሻማ አገዳው ረዝሞና ቀጥኖ ስለነበር ዛላውን መሸከም አልቻለም። ስንወቃው ፍሬው የቀጨጨ ነበር። ያ ዓመት ዛሬም ይቆጨኛል።

ስንዴ ክፍት ቦታን ራሱ ይሞላል። አራተኛ ቅጠሉን በሚያወጣበት ጊዜ ገደማ ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ መስደድ ይጀምራል፤ ቦታና ማዳበሪያ ካገኘ ከአንድ ዘር ሦስት አራት ዛላ ይገኛል። ሲጠጋጋ ግን አንዱን ይዞ ይቀራል፤ ያወጣውን ቀንበጥ እንኳ ዛላ ሳያስይዝ ያደርቀዋል። ከልክ በላይ የተዘራው ዘር ገና ከመነሻው የጎረቤቱን ቀንበጥ ይቀማል ማለት ነው። አራርቆ መዝራትም ቢሆን ጉዳት አለው፦ ክፍቱን ቦታ ሙጃና ሲናር ይቀድሙበታል፤ ዘግይቶ የወጣው ዛላም አጨዳ ሲደርስ ገና ለጋ ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? በአገራችን በመስመር ለሚዘራ ስንዴ በሄክታር ከ125 እስከ 150 ኪሎ ይመከራል፤ ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ግን ኪሎ ብቻውን ያታልላል እላለሁ። 150 ኪሎ በሄክታር ማለት በካሬ ሜትር 15 ግራም ነው። ሺህ ፍሬው 30 ግራም የሚመዝን ደቃቅ ዘር ከሆነ በዚያች ካሬ ሜትር 500 ፍሬ ወደቀ፤ 45 ግራም የሚመዝን ድልብ ዘር ከሆነ 333 ብቻ። ሚዛኑ አንድ፣ ማሳው ግን ሁለት ዓይነት ነው። በካሬ ሜትር 300 የቆመ ተክል ፈልጌ፣ ሺህ ፍሬው 40 ግራም ከሆነና ከመቶው 80 ከበቀለልኝ፣ 150 ኪሎ ይበቃኛል። ከመቶው 95 የሚበቅል ከሆነ ወደ 126 ኪሎ እወርዳለሁ። ዝናብ ዘግይቶ ከዘራሁ ደግሞ ተክሉ ቀንበጥ የሚያወጣበት ጊዜ ስለሚያጥር ጥቂት እጨምራለሁ። መሬቱ ጓል ከበዛበትም እንዲሁ፤ የአባቴ የጭቃ ድርሻ እዚያ ላይ ዛሬም እውነት ነው።

እናንተም ሰኔ ሳይገባ ከዘራችሁ ላይ ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቁጠሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁት። በሳምንቱ ፈታችሁ የበቀለውን ቁጠሩና የዘራችሁን ልክ ከዚያ ተነሥታችሁ ወስኑ።