ዝም የሚል ዕቃ

ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ «ለሸክላ ማጫወቻ የሚሆን ፕሪአምፕሊፋየር አለ?» አልኩ። ልጁ ያለውን ዕቃ እስከ ጥግ ለቀቀልኝ። «ጋሼ፣ ሰፈሩን ያናውጣል!»

እኔ እኮ የምፈልገው ዝም የሚለውን ነው። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ፕሪአምፕሊፋየሩ የራሱን ሽሽታ ከጨመረበት፣ ከኋላ ያለው አምፕሊፋየር ሁለቱንም ሳይለይ ያጎላቸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መርፌው ሳይወርድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆሮን ወደ ስፒከሩ ማስጠጋት። «ሽሽሽ» ካለ ይቅርብዎ።

አዝማሪ ማሲንቆውን ገታ አድርጎ ትንፋሽ ሲወስድ ያቺ ፋታ ካልተሰማች፣ ግማሹ ዘፈን ተሰረቀ ማለት ነው። በአዝማሪ አገር ጩኸትን ጥራት ብለን መግዛታችን ግን ምን ይባላል?

ባዶ እጄን ወጣሁ።