ሣር የለበሰ ሕግ

ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ወደ አንዱ የቸሃ ወይም የእዣ መንደር ሲታጠፍ ሰፊ የሣር ሜዳ ይቀበለዋል። ግራና ቀኝ ጎጆዎች በረድፍ ቆመው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መልሰዋል። ይህ ሜዳ የመንደሩ መንገድ ነው፤ ጉራጌ ጀፎረ ይለዋል። አገራችን ካወጣቻቸው ሕጎች ሁሉ በአሠራሩ ጥራት እኔን እንደዚህ ያስደነቀኝ የለም። ሕግ የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ሣሩ ሳይበቅል፣ ጎጆዎቹም ሳይተከሉ በፊት ሰዎች ተቀምጠው የተስማሙበት ውሳኔ ነበረና።

የእጅ ሥራን ጥራት የሚያውቅ ሰው መጋጠሚያውን ነው የሚያየው። በጀፎረ መጋጠሚያው የግሉና የጋራው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ደጃፉ የሁሉ ነው፤ ጎጆው የባለቤቱ ነው፤ ከጎጆው ጀርባ ቡናውና እንሰቱ ይከተላሉ። እንሰት ፍግ ስለሚፈልግ ከቤት መራቅ የለበትም፤ ከብቱ የሚያድረው እዚያው ቤት ውስጥ ነውና ፍጉን ለማድረስ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ይዞታው ከመንገዱ ወደ ጓሮ ረዝሞ ስለሚሄድ እያንዳንዱ አባወራ ከመንገዱም ከማሳውም ድርሻውን ያገኛል። ከመንገድ የተቆረጠ ቤት አይኖርም። ሣሩም ቢሆን ለጌጥ ብቻ አልተተወም። ዝናቡን ይመጥጣል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ለጥጃና ለበግ ግጦሽ ይሆናል፤ እነሱም መልሰው ያጭዱታል። ጥገናው ከኑሮው ጋር አብሮ የተሠራ መንገድ ብዙ አላውቅም።

ስፋቱን ደግሞ ልብ በሉ። ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ የአገር አቋራጭ አስፋልት ሰባት ሜትር ገደማ ነው፤ ጀፎረ ይህን ደጋግሞ ያጥፈዋል። ይህን ያህል ቦታ መሬት በጠበበበት አገር፣ አንድ ክንድ እንሰት ዋጋ ባለው መንደር መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም። የተተወውም ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለመስቀል ደመራ፣ ለሽማግሌ ሸንጎ፣ ለፈረስ ግልቢያና ለልጆች ጨዋታ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን፣ ውኃ የተሸከመች እናትና ከግጦሽ የሚመለስ ከብት ሳይጋፉ ይተላለፉበታል። ምልክት አልተተከለም፣ መስመር አልተቀባም፤ ደኅንነቱ ያለው ስፋቱ ውስጥ ነው። የጅማው አውራ ጎዳና ወልቂጤን መሐል ለመሐል ሲያቋርጥ ጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና ተማሪው በአንድ ጠባብ መስመር ሲሻሙ የሚያይ ሰው የጀፎረ አባቶች ምን እንዳሰቡ ይገባዋል።

ሕጉን ያጸናው ምንድን ነው? አንዱ መልስ የሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ የሚሰየምበት የጆካና ቂጫ የሚባለው የልማድ ሕጉ ነው፤ ክስታኔ የሚባለው የጉራጌ ክፍልም ጎርደና የተሰኘ የራሱ ሥርዓት አለው። ሌላው መልስ ግን ከራሱ ከመንገዱ አሠራር ይገኛል። አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ደጅ የገፋ ሰው ከረድፉ ይወጣል፤ ረድፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጥፋቱን መንደሩ ሁሉ ያያል። ቀያሽና መዝገብ ሳያስፈልግ ራሱን የሚያጋልጥ ጥፋት! ዛሬ ሕግ የሚያረቁ ባለሙያዎች ቢመረምሩት የሚጠቀሙበት ጥበብ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ ውስጥ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሽሮት ነበር። ቂጫው ግን በአፍ ኖረ፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢም የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት በመጽሐፍ አሳተመው። ሕዝቡ በአንድ ደንብ ሥር መሬት መተውን የለመደ መሆኑ በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ከአዲስ አበባ ነጋዴና ከገጠር ገበሬ ገንዘብ አሰባስቦ መንገድ ሲያወጣ የረዳው ይመስለኛል።

እንከን የሌለበት ሥራ ነው አልልም። በየጆካ ሸንጎ ሴት ወንበር አልነበራትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የሙህር ጉራጌዋ የቃቄ ወርድወት፣ ሴት ባሏን መፍታት የማትችልበትን ሥርዓት በመቃወም ሸንጎውን ሞግታለች። ለጀፎረ ያን ያህል የተጠነቀቀ ሕግ ለሴቲቱ አልተጠነቀቀም ነበር፤ ይህን ጉድለት ሳያነሡ የአሠራሩን ጥራት ብቻ ማድነቅ ለእሷ ፍትሕ አይሆንም።

አሁን አደጋው ከሌላ በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለባህላዊ ሕግ በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ መንገድን አይጨምርም። ከተሞች ሲሰፉ ጀፎረ ለሸንሻኝ ባዶ መሬት ይመስለዋል። ለዚህ ነው የወልቂጤና የቡታጅራ ምክር ቤት አባላትን የምለምነው፦ ፕላን ከማጽደቃችሁ በፊት በከተማችሁ ክልል የሚገባውን እያንዳንዱን ጀፎረ በስሙና በስፋቱ አስመዝግቡ፤ አስፋልትም ካስፈለገ በጎኑ አሳልፉት እንጂ ሣሩን አትንኩት።