ቀመር ለሚያስተምሩ
ጀማሪን ኤክሴል የሚያስተምሩ ሰዎች ከልብ ሊመሰገኑ ይገባል። ጎበዟ አስተማሪ ማውሱን ከተማሪው እጅ አትቀማም፤ «መጀመሪያ የእኩል ምልክት» ብላ ትጠብቃለች። የዕድሩ ጸሐፊ መዋጮውን በካልኩሌተር ደምረው ውጤቱን ሲጽፉ፣ የአንዱን አባል ክፍያ እንዲቀይሩ ትጠይቃቸዋለች። ድምሩ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ «ሰም» በሚባለው ቀመር ታስደምራቸዋለች፤ ቁጥሩን ሲቀይሩ ድምሩም አብሮ ይቀየራል። የፕሮግራም ሠሪዎቹ ብሪክሊንና ፍራንክስተን በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክ በተባለው የቀመር ሉህ ፕሮግራም ለተራው የኮምፒውተር ተጠቃሚ ያደረሱት ይህንኑ ነው። እሷን የመሰለች ባትኖር ግን ኤክሴል ለብዙዎች የተሰመረ ወረቀት ብቻ ሆኖ በቀረ! ከሁሉ የማደንቀው ትዕግሥቷን ነው። ሴሉ በመሰላል ምልክት ሲሞላ ጸሐፊው ይደነግጣሉ። «ጋሼ፣ ምንም አልተበላሸም፤ ዓምዱ ጠቦ ነው፣ ትንሽ ያስፉት» ትላቸዋለች።