ስለ ሆስፒታል በዙም ሲማሩ፦ አያቶቻችንን የረሳ ትምህርት

ጁን 2025 ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ወደ ዙም የተመለሱበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። እኔ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ክፋር ግቢሮል ውስጥ የአንዲት አምስተኛ ክፍል ተማሪ ቤት ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ በፔራህ ሳስጠናት የቆየሁ ልጅ ናት። (ፔራህ እዚሁ ረሆቮት፣ ቫይስማን ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው የተጀመረው። ስንቶቻችን በሱ እንደተማርን ሳስብ ይገርመኛል።) የዕለቱ ትምህርት ርዕስ «ሆስፒታልና ደህንነት» ነበር። አርባ ደቂቃ፣ ወደ ሠላሳ ልጆች፣ ከከተማችን ርቆ ካለ ሆስፒታል የምታስተምር አንዲት ነርስ። የማጠናውም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ማስታወሻ ያዝኩ።

በመጀመሪያ ጥሩውን ልናገር፤ ጥሩ ነገር ነበረውና። ነርሷ ስልኳን ይዛ በሚዮን ውስጥ እየዞረች አልጋውን፣ የልብ ምት የሚያሳየውን ማሽን፣ የደም ናሙና የሚቀዳባቸውን ትንንሽ ብልቃጦች ሁሉ አሳየቻቸው። ሠላሳ ልጅ በአካል ቢሄድ ከኋላ የቆመው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ አይቶ ነበር የሚመለሰው። አፍረው በክፍል የማይጠይቁትም በጽሑፍ ጠየቁ። ቫይስማን ጁን 15 ሌሊት ተመትቷል፤ ጁን 19 ደግሞ ቤር ሼቫ ያለው ሶሮካ ሆስፒታል ተመታ። ስለዚህ አንድ ልጅ «ሆስፒታሉ ራሱ ቢመታስ?» ብሎ ጻፈ። ነርሷ ጥያቄውን አልሸሸችም። ሶሮካ የተመታው ሕንፃ ላይ የነበሩ ሕመምተኞች ቀደም ብለው ወደተጠበቀ ቦታ ተዛውረው እንደነበር በእርጋታ አስረዳች። እንዲህ ያለ መልስ ከብዙ ትልልቅ ሰዎች አልሰማሁም።

ችግሩ ትምህርቱ የተዘጋጀለት ቤት የኛ ቤት አለመሆኑ ነው። «ሳይረን ሲሰማ ወደ ማማድ ግቡ» ተባለ። አዳዲስ ቤቶች ሁሉ ማማድ እንዲኖራቸው በሕግ የተደነገገው ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው፤ የኛ ሰፈር አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እሷ የምታውቀው ደረጃውንና ሚክላቱን ነው፤ ጉልበቷን የሚያማቸውን አያቷን ደግፎ ማውረዱንም ጭምር። ስለዚህ ስለ ደረጃው አንድ ቃል አልተነገረም።

ቀጥሎ «አንድ ሰው ቢታመም ለትልቅ ሰው ንገሩ፣ ወይም 101 ደውሉ» ተባለ። እሺ፣ ከዚያስ? እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ዕብራይስጥ የሚችለው «ትልቅ ሰው» ልጁ ራሱ ነው። ስልኩን አንስቶ አድራሻውን፣ አያቱ ይተነፍሱ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ማንም አላለማመደውም። ልጅቷን ያኔውኑ «እማማ ደም ብዛት አለባቸው በይ» አልኳት። «ያሽ ላ ሃርቤ ዳም» አለችኝ፤ ብዙ ደም አላት ማለቷ ነው። ሳቅን፤ ግን የእውነት በሆነ ሰዓት ይህ አያስቅም። «ልቤን አመመኝ» ሲሉም እንዲሁ ነው፤ እማማ ይህን ሲሉ አንዳንዴ ሆዳቸውን፣ አንዳንዴ ኀዘናቸውን ነው። ልጅ በቀጥታ ከተረጎመው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል።

ሕፃናት ሆስፒታል እንዳይፈሩ ከሚሠሩት ነገሮች መካከል በጣም የምወደው የሕክምና ተማሪዎች የሚያዘጋጁት «የድቦች ሆስፒታል» ነው። ልጁ የታመመ አሻንጉሊቱን ይዞ ይመጣል፣ ተማሪዎቹ ያክሙለታል። ብሎክና ቶከር በ2008 ያሳተሙት የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ጥናት በዚህ መንገድ የልጆቹ ፍርሃት እንደቀነሰ አሳይቷል። በጨዋታው ልጁ የአሻንጉሊቱ ወላጅ ይሆናል። የኛ ሰፈር ልጅ ግን ያለ ጨዋታም የአያቱ ወላጅ ሆኖ ኩፓት ሆሊም ይቀመጣል።

ጓደኞቼ «እንግዲያው ልጆቹን የሕክምና ቃላት በአማርኛ እናስተምራቸው» ይላሉ። ለ101 ጥሪ እስማማለሁ፣ እዚያ ጊዜ የለም። ለሐኪም ቤት ቀጠሮ ግን አልስማማም። የአሥር ዓመት ልጅ ለአያቱ ካንሰር አለብሽ ብሎ መንገር የለበትም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል። ከዚያም በፊት፣ በ1998 የተመሠረተው ጤና ብሪዩት የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ እንዲገኝ ሠርቷል። ታዲያ ለልጆች ስለ ሆስፒታል ስናስተምር «አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ይህ የናንተ ሥራ አይደለም» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዴት ትቀራለች? ለኔ ከማሽኑ ሁሉ በላይ የምትጠቅማቸው እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ ልመለስ። ነርሷ ደም የሚቀዳበትን ስታሳይ እማማ ከኋላችን ሶፋው ላይ ነበሩ። ስክሪኑን አይተው «ጠይቂልኝ እስቲ ልጄ፣ ደሙን ከወሰዱ በኋላ የት ያደርጉታል?» አሉ። ማይኩ ተዘግቶ ነበር፣ የሁሉም ልጅ ማይክ እንዲዘጋ ታዞ ነበርና። ልጅቷም ጥያቄው የሞኝ መስሏት ዝም አለች።

የሞኝ አይደለም። ጃንዋሪ 1996 ላይ ማጌን ዳቪድ አዶም ወገኖቻችን የለገሱትን ደም ተቀብሎ በድብቅ እንደሚጥለው ማዓሪቭ ጋዜጣ አወጣ። በዚያው ወር በ28 ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። እማማ ያኔ ከሰልፈኞቹ መካከል ነበሩ። እኔና እናንተ ያኔ አልተወለድንም ወይም በእቅፍ ነበርን፤ ልጅቷማ ወሬውንም አልሰማችም። እማማ ግን ደም ሲቀዳ ባዩ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይላቸዋል።

ዙም በዚህ ነው ከክፍል የሚለየው፦ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ አያትም ትሰማለች። ይህን አጋጣሚ ትምህርት ቤት ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ አዘጋጆቹ ግን የቤቱን ሰው እንደ ጫጫታ ቆጥረው ዘጉት። አምስት ደቂቃ ማይክ ተከፍቶ «ቤት ውስጥ ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች ጥያቄ አላችሁ?» ቢባል ምን ይጎድል ነበር?

ዙሙ ሲያልቅ ለልጅቷ ስለ 1996 ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ራሷ የእማማን ጥያቄ በዕብራይስጥ ጽፋ ለመምህሯ ላከች። እማማ «ምን አሉ?» እያሉ ሁለት ሳምንት ጠየቁኝ። መልስ አልመጣም። የላብራቶሪ ሥራ የሚሠራ ጓደኛዬን ስልክ አስደውዬ እሱ በአማርኛ አስረዳቸው።