ቆዳና ላሜራ፦ ለመኪና ያለን ፍትወት ሲመረመር

ወንዶች በመሸጫው መስታወት ውስጥ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ሲያዩ ቆም ይላሉ፤ ገብተው ግን ባለ አራት በር የቤት መኪና ገዝተው ይወጣሉ። በ1939 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለክራይዝለር ኩባንያ የፕሊመዝን ገበያ ያጠናው የቪየናው ተወላጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኧርነስት ዲችተር ነገሩን ሲተረጉም፣ የመጀመሪያዋ ውሽማ፣ ሁለተኛዋ ሚስት ናት አለ። ስለዚህ ውሽማይቱ መስታወቱ ጋ ትቁም፣ ሚስቲቱ ትሸጥ።

ይህ ንባብ የመኪና ማስታወቂያ ቀለብ ሆኖ ኖሯል። እኔ ግን ደካማ ነው እላለሁ። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ትወደዳለች፣ ቤተሰብም በቅጡ አትይዝም፤ ይህን ለመረዳት ፍሮይድን መጥራት አያሻም። ከዚያ የሚብሰው፣ ዲችተር መኪናን የሌላ ምኞት መሸፈኛ ማድረጉ ነው። ላሜራው፣ ሽታው፣ የበሩ አዘጋግ ከትንታኔው ይጠፋሉ። መሪ የጨበጠች ሴትማ ከነጭራሹ የለችም።

ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት የተሻለ ታዛቢ ነበር። ሲትሮኤን ዲኤስ በ1955 የፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ በቀረበችበት ቀን 12,000 ያህል ትዕዛዝ አገኘች። የምትቆመው በዘይትና በጋዝ ግፊት ስለነበር ሞተሯ ሲነሳ ሰውነቷ ከመሬት ከፍ ይላል። ባርት በ1957 በታተመው «ሚቶሎጂ» ውስጥ ስለ እሷ ሲጽፍ የጎብኚዎቹን እጅ ይከተላል፦ የላሜራውን መገጣጠሚያ ይዳብሳሉ፣ የወንበሩን ልብስ ያሻሉ፣ መሪው ጋ ይቀመጣሉ። ለባርት ዓይን አስማተኛ ነው፤ መዳፍ አስማቱን ይሰብራል። እዚህ ላይ አልከተለውም። መዳፍ አስማቱን ወደ ሰውነት ያስገባዋል። ፈላስፋው ሜርሎ ፖንቲ በ1945 እንዳስተዋለው፣ የለመደ አሽከርካሪ ጠባብ መተላለፊያን ሳይለካ ያልፋል፤ የመኪናው ስፋት የገዛ አካሉ ስፋት ሆኗልና። የማርሽ ንዝረት በክንድ፣ የሞተር ትርታ በጀርባ ሲገባ ፍትወቱ የሚቀሰቀሰው፣ ሴትን ከመተካት ሳይሆን ከዚህ የአካል መስፋት ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ጂ. ባላርድ ይህን እስከ አስፈሪ ጫፉ ወሰደው። በ1970 ለንደን ውስጥ ሦስት የተጋጩ መኪናዎችን፣ ፖንቲያክ፣ ኦስቲን ኬምብሪጅና ሚኒ፣ እንደ ቅርጻ ቅርጽ አሳየ። በመክፈቻው የሰከሩ እንግዶች ወይን ደፉባቸው፤ መስታወት ሰበሩ። ለባላርድ ይህ የሥነ ልቦና ሙከራ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም «ክራሽ» ልቦለዱ ወጣ። መጽሐፉን የብልግና ጽሑፍ ነው ብለው የሚያልፉት ቋንቋውን አላስተዋሉም፤ የተራኪው ቃላት የቀዶ ሕክምና ክፍልና የጋራዥ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱን የሚስባቸው ብረትና ቆዳ የተገናኙበት ቦታ፣ ጠባሳው ነው። የመኪና ውበት ብዙም ጉዳያቸው አይደለም።

መሳሳቡ ተፈጥሯዊ ነው? በከፊል ሳይሆን አይቀርም። በ2012 የታተመ፣ ኦስትሪያውያንንና የኢትዮጵያ ገጠር ነዋሪዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ሁለቱም ወገኖች በመኪና ፊት ላይ ዕድሜንና ጾታን በተቀራራቢ መንገድ እንደሚያነቡ አሳይቷል። ሽታ ግን ትምህርት ነው። ብዙ አሜሪካውያን የሚናፍቁትን የፕላስቲክና የማጣበቂያ ትነት ቻይናውያን ገዢዎች ይጸየፉታል፤ ፎርድም ናንጂንግ ላይ ሽታ የሚመረምሩ ሠራተኞች አሉት። ድምፅም ይሰናዳል፦ ቢኤምደብሊው በኤም5 ሞዴሉ የሞተሩን ድምፅ በስፒከር አሰማ፤ ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ የፊልም ሙዚቃ ደራሲውን ሃንስ ዚመርን አሠራ። መኪና ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጆሮ ይህን ያህል ባልተደከመ።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2024 የከለከለችው ኢትዮጵያም የሞተር ድምፅን መሰናበት ጀምራለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቻችን ዲችተርን ከመቅዳት ይልቅ፣ ብዙ ባለመኪኖች ከአዲስ ወንበር ላይ አላነሳ ያሉትን ላስቲክ በማጥናት ቢጀምሩ ይሻላል።