መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የምትወርድ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን እምብዛም አትፈልግም። አሽከርካሪው እግሩን ከመርገጫው ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ይይዛታል። 2 ቶን የምትመዝን መኪና ከፍታዋን በ1,000 ሜትር ስትቀንስ የምትለቀው ጉልበት 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደህና ድርሻው ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው መኪናዋን ቁልቁለቱ ላይ ጠፍሮ የያዛት ኃይል በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው። ወደ አገራችን በብዛት ከገቡት አንዷ በሆነችው ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ ባለ አንድ ሞተሯን ማለቴ ነው፣ ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ እስከ ህዳሴ ድልድይ ድረስ መኪናዋን የሚይዟት የኋላ ጎማዎች ናቸው። እነሱን ከአካሏ ጋር ያገናኟቸው በእያንዳንዱ ጎን ያሉ አምስት ክንዶች ናቸው፤ የክንዶቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ቡጢ የማያክሉ የላስቲክ ጎሚኒዎች አሉ። ድልድዩ ታልፎ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀመር ያው ጎሚኒ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል።

ደጀን ከተወጣ በኋላ ፈተናው መልኩን ይቀይራል። እስከ ሉማሜና ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ያለው ሜዳ ጤፍ የሚወድደው ዋልካ መሬት ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈ አስፋልትም አብሮት ይነሳና ይወድቃል። ጉድጓድ ሾኩን በቅጽበት ይመታዋል። እንዲህ ያለው ረጅም ማዕበል ግን መኪናዋን ቀስ አድርጎ ያነሳና ቀስ አድርጎ ይለቃታል። ሁለቱን የሚያስተናግዱት በሾኩ ውስጥ ያሉ የተለያዩ የዘይት መተላለፊያዎች ናቸው፤ አንዱን ያለሰለሰ ፋብሪካ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። ባትሪዋ ብቻ ግማሽ ቶን ለሚጠጋ መኪና ደግሞ ሚዛኑን ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል።

ፋብሪካዎች በመጀመሪያው ሙከራ ሚዛኑን አያገኙትም። አይዲ 4 ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና በገበያ ላይ በቆየ ቁጥር መሐንዲሶቹ ከጎማ በላይ ያለውን ሁሉ ይነካካሉ፤ የሾኩ ቫልቭ ይለወጣል፣ የጎሚኒው ጥንካሬ ይለወጣል፣ በክንዱ ጫፍ ያለው የኳስ መጋጠሚያ (ቴስቲናው) ቆቡ ውሃ እንዳያስገባ ይሻሻላል። ዕቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ቡሎን ይገጥማል። ስለዚህ የቀድሞውን ሞዴል የገዛ ሰው በኋላ የተሻሻለውን እግር፣ ማለትም ሾኩን፣ ሞላውንና ክንዱን፣ ሊያስገጥም ይችላል ማለት ነው። ይህን ቴስላ ሳይወድ በግዱ በቻይና በሰፊው አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከ2013 እስከ 2017 የተሠሩ 30,000 ገደማ ሞዴል ኤስ እና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ጠርቶ የፊትና የኋላ ክንዶቻቸውን በተሻሻሉ እንዲተካ ሆኗል። ኃይለኛ ምት የደረሰበት የፊተኛው ክንድ ቴስቲና ሊሰነጠቅ ይችላል ተብሎ ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱ የአሽከርካሪዎቹ አያያዝ ነው ብሎ ለአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጽፏል። የጎጃምን መንገድ ቢያዩት ኖሮ አያያዝ የሚሉትን ነገር እንደገና ያስቡበት ነበር።

በእኛ አገር ጉዳዩ አጣዳፊ እየሆነ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ዛሬ አዲስ የሆነችው የኤሌክትሪክ መኪና ነገ አሮጌ ትሆናለች፣ ባትሪዋ ገና ሳይደክም እግሯ ቀድሞ ይደክማል። ያኔ ሁለት ዓይነት መካኒክ ይመጣል። አንዱ ሞላው ላይ የብረት ወይም የፕላስቲክ ድጋፍ አስገብቶ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል። ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሴሚያስ አላግባብ ይታጠፋል፣ የጎማው አቋም ይዛባል፣ የሾኩ እንቅስቃሴም ያጥራል። ሌላው መካኒክ ፋብሪካው ራሱ ምን እንዳረመ ይፈልጋል። እኔ የማደንቀው ይሄኛውን ነው፤ ሥራው ከመፍታት በፊት ከማንበብ ስለሚጀምር።

የሚያነበው ቁጥር ነው። በፎልክስዋገን ዕቃ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይናገራሉ። መካከለኞቹ ሦስት አሃዞች የዕቃውን ወገን ይለያሉ፤ 407 የፊት ክንድ ነው፣ 413 የፊት ሾክ፣ 513 የኋላ ሾክ። ከዚያ በሚቀጥለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጎዶሎው ግራ፣ ሙሉው ቀኝ ነው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው ፊደል ግን ልዩ ናት፤ ዕቃው ሲሻሻል የምትቀየረው እሷ ናት። ቴስላም በቁጥሩ መጨረሻ እንዲሁ ፊደል ያስቀምጣል። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ክንዶች በዚያች ፊደል ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። አይዲ 4 በቻይና ክሮዝ እና ኤክስ ተብላ በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ስለምትሠራም የሻንሲ ቁጥሯን ሳያይ የሚያዝ መካኒክ በዕድል የሚኖር ሰው ነው።

ሞላው ላይ ያሉት የቀለም ነጠብጣቦችም ይነበባሉ። የሚናገሩት ሞላው የተመደበለትን ክብደት ነው። አነስተኛ ባትሪ ካላት መኪና የተወሰደ ሞላ ትልቅ ባትሪ በተሸከመችው ላይ ቢገባ ይገጥማል፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል፤ መኪናዋ ግን ዝቅ ትላለች፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይም ሾኩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይመታል። መግጠም እና ትክክል መሆን ሁለት ነገር ናቸው።

አሁን ከንባቡ ወደ መካኒኩ እጅ እንምጣ። ጎማ ሳይፈታ በፊት ሜትር ያወጣል፤ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በአራቱም ማዕዘን ለክቶ ይጽፋል። ክሪክ የሚያስገባው በጎን ባሉት፣ ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቦታዎች ብቻ ነው፤ ወለሉ ባትሪ ነውና ሌላ ቦታ መደገፍ አይታሰብም። ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች አይነካም። የጎማ ፍጥነት የምትለካዋን ቀጭን ሽቦ ከማሰሪያዋ አንድ በአንድ ያላቅቃታል፤ ቸኩሎ የሚጎትታት ሰው በማግስቱ የፍሬን መብራት በርቶ ያገኘዋል። ሞላውን በመጭመቂያ ሲጨምቅ ፊቱን ከሞላው አቅጣጫ ያርቃል፣ ያ የታመቀ ብረት ሰው ይገድላልና። ቡሎኖቹንም መልሶ አይጠቀምባቸውም። ብዙዎቹ የእግር ቡሎኖች በተወሰነ ኃይል ከጠበቁ በኋላ በሩብ ወይም በግማሽ ዙር ተጨማሪ እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው፤ በዚያች ዙር ብረቱ ይለጠጣል። አንዴ የተለጠጠ ቡሎን ሁለተኛ አይታመንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው ለእኔ የሥራው ልብ። ጀማሪ መካኒክ መኪናዋ ገና ክሪክ ላይ እንዳለች፣ ጎማዋ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉንም ቡሎን ጥርቅም አድርጎ ያስራል። ጎሚኒው ከውጭ በክንዱ፣ ከውስጥ በብረት ቱቦ የተያዘ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከአካሉ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ክንዱ የሚንቀሳቀሰው ላስቲኩ እየተጠመዘዘ ብቻ ነው። ተንጠልጥሎ የታሰረ ጎሚኒ መኪናዋ መሬት በነካች ቅጽበት ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆማ ስታድርም እንደተጠመዘዘ ያድራል። በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም ዕቃው ኮፒ ነው ብሎ ይራገማል። ዕቃው ኦርጂናል ነበር። የተሳሳተው ቡሎኑ የተጠበቀበት ሰዓት ነው።

ባለሙያው ቡሎኖቹን ያለ ጥብቀት ብቻ ያስገባቸዋል። ከዚያ ክንዱን በሁለተኛ ክሪክ ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ቅድም የጻፈውን ልክ እስኪያገኝ ድረስ፤ ወይም መኪናዋን በጎማዋ አቁሞ ከታች ይገባል። የመጨረሻው ማጥበቂያ የሚደረገው ያኔ ብቻ ነው፤ መኪናዋ ዕድሜዋን በምታሳልፍበት ቁመና። ያጠበቀውን ቡሎን ሁሉ በቀለም ያሰምርበታል፤ ሌላ ቀን ብድግ አድርጎ ሲያይ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ መላላቱን ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። መኪናዋን አጥቦ ለባለቤቱ ቢሰጠው ምን እንደተሠራ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከሉማሜ አልፎ ማዕበሉ ላይ ሲደርስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ዊል አላይመንት ነው። መሪው መሃል ላይ ሆኖ የመሪው ሴንሰርም መሃል መሆኑን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ካላት እሱም ይስተካከላል። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘለዋል፤ አለመዝለል ነው።

ሾክና ክንድ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀየሩት፤ ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ የሆነች መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች። የወለቀው አሮጌ ዕቃ ምን ይሆናል ላላችሁም፣ ብረቱ በአገራችን አይጠፋም። የጭነት መኪና ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ ማረሻና ቢላ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና አሉሚኒየም ክንድ ግን በዚያ እሳት አይሠራም፤ ለማቅለጫ ይሸጣል።

እንግዲህ መኪናችሁን ለእንዲህ ያለ ሥራ ስትሰጡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የአዲሱ ዕቃ የመጨረሻ ፊደል ምንድን ነው? ቡሎኑ አዲስ ነው? የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያደርገው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው ወይስ ተንጠልጥላ? ሦስተኛውን ሳያመነታ የሚመልስላችሁን ሰው ካገኛችሁ ቁልፉን ስጡት፣ አትከራከሩት።